ጠይባ፣ አባቷና የዛንዚባሩ ፔንሲዮን

ጠይባ ቱፋን የማውቃት ከልጅነቷ ጀምሮ ነው። አሰላ ውስጥ የእነሱን ግቢና የእኛን ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። እኔ ነህምያ እባላለሁ። ወላጆቼ ከሆሳዕና መጥተው እዚህ ሱቅ የከፈቱ ሰዎች ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ማመልከቻ የሚያስጽፈውም፣ መታወቂያ ኮፒ የሚያስደርገውም እኔ ጋ ስለሚመጣ የሰፈሩን ወሬ ሳልፈልግም እሰማለሁ። ይህን የምጽፈው ግን የሰማሁት ነገር ስላለ ብቻ አይደለም፤ ያደረግሁትም ስላለ ነው። አባትና ልጅን ለሦስት ዓመት ያቆራረጠውን ፎቶ ያሳየሁት እኔ ነኝ።

አባቷ ኦቦ ቱፋ የዲክሲስ ወረዳ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ወደ አሰላ መጥተው እህል ነጋዴ ሆኑ፤ የዲክሲሱን መሬት ግን አልተዉትም። የገበያ ቀን ሲሆን ቤታቸው ከዲክሲስ በመጣ ሰው ይሞላል። ገብስ ያመጣውም፣ ሐኪም ቤት የመጣውም፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለውም እዚያ ይበላል፣ እዚያ ያድራል። ባለቤታቸው ጠይባ ዘጠነኛ ክፍል እያለች ስለሞቱ ለዚያ ሁሉ ሰው ምንጣፍ የምታነጥፈው፣ ውሃ የምታሞቀው እሷ ነበረች። ታናሽ ወንድሟ ኢርሻድ ያኔ ገና ትንሽ ነበር።

በሃያ አንድ ዓመቷ ለሥራ ወደ ኦማን ሄደች። መስካት ውስጥ የተቀጠረችው አንዲት አሮጊት ለማስታመም ነው። አሮጊቷ ሰልማ የሚባሉ፣ ዛንዚባር ተወልደው በልጅነታቸው ወደ ኦማን የተሻገሩ ሴት ነበሩ። ከልጆቻቸው ጋር ዐረብኛ፣ ከራሳቸው ጋር ስዋሂሊ ያወራሉ። ጠይባ አጠገባቸው ስትውል ስዋሂሊውን ለመደችው። በአራተኛው ዓመት አሮጊቷ «የተወለድኩበት አገር ነው የምሞተው» ብለው ልጆቻቸውን አስጨነቁ፤ ልጆቹም ጠይባን አስከትለው ወደ ዛንዚባር ላኳቸው።

ጠይባ ባሕርን ከአጠገቡ ሆና ያየችው ያኔ ነው። ጃምቢያኒ በምትባል የባሕር ጠረፍ መንደር ውስጥ ከባሕር በሚገኝ የኮራል ድንጋይ የተሠራ ሰፊ የቤተሰብ ቤት ነበራቸው። ቤቱን የሚጠብቁትና የሚያበስሉት ምዋናይሻ የሚባሉ የመንደሩ ሴት ናቸው፤ ባል የሞተባቸው፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ እጃቸው የማያርፍ። ሰልማ እዚያ ሁለት ዓመት ኖረው እንደተመኙት ሞቱ። ልጆቻቸው ለቀብር መጡና ቤቱን ምን እንደሚያደርጉት ስላላወቁ «ለጊዜው ጠብቂልን» ብለዋት ተመለሱ።

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ባልና ሚስት ነበሩ። የተከራዩት ብስክሌት ጎማው ፈንድቶባቸው፣ ፀሐይ አቃጥሏቸው፣ በር አንኳኩ። ጠይባ ውሃ ሰጠቻቸው፤ ምዋናይሻ ዓሣ ጠበሱላቸው። «የምናድርበት ክፍል ይኖራል?» ሲሏት ጠይባ እንደ አባቷ ቤት ሆነባትና አነጠፈችላቸው። ሰዎቹ አራት ቀን ቆዩ። ሲሄዱ ትራስ ሥር ገንዘብ ትተው ሄዱ። ምዋናይሻ ገንዘቡን አይተው «ይኼ ቤት እኮ ሊያኖረን ነው» አሉ። ጠይባ መስካት ደወለች፤ ልጆቹም በዓመት ኪራይ ተስማሙ።

ቤቱ አምስት ክፍል ነበረው። ሥራውን ከማንም አልተማረችም፤ እየተሳሳተች ነው ያወቀችው። የባሕሩ አየር ጨው ስላለው አንሶላ ቶሎ አይደርቅም፣ የበር ማጠፊያም በስድስት ወር ይዝጋል። ውሃ የሚመጣው አንዳንድ ቀን ስለሆነ ሮቶው ሞልቶ እንደሆነ በየጠዋቱ ማየት የእሷ ሥራ ነው። በዚያ ጠረፍ ደግሞ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ይሸሻል። ጠዋት ሰማያዊ የነበረው ቦታ እኩለ ቀን ላይ አሸዋ ይሆንና የመንደሩ ሴቶች የባሕር ሣር ሊለቅሙ ይወርዱበታል። አንድ ጊዜ አንድ እንግዳ ከእንቅልፉ ሲነሳ ባሕሩን አጥቶ «ያስያዝኩት ባሕር አጠገብ ነው፣ ባሕሩ የታለ?» ብሎ ተቆጥቷታል። ከዚያ ወዲህ ባሕሩ የሚመለስበትን ሰዓት በየቀኑ ጽፋ በሩ ላይ ትለጥፋለች። ቁርስ ላይ የገብስ ገንፎ በኮኮናት ወተት ታቀርባለች፤ ገብሱን የሚልክላት ኢርሻድ ነው። እንግዶቹ ይወዱታል። ምዋናይሻ ግን እስከ ዛሬ አልወደዱትም።

አባቷ ይህን ሁሉ አያውቁም ነበር። «የአሮጊቷን ቤት እጠብቃለሁ» ነበር የምትላቸው፤ ውሸት አይደለም። ያልነገረቻቸውን የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ሱቅ ቁጭ ብዬ ኢንተርኔት ስከፍት የጠይባ ቤት ፎቶ መጣልኝ። በጣም ደስ አለኝ። ኦቦ ቱፋ የመሬት ካርታቸውን ኮፒ ሊያስደርጉ መጥተው ነበርና «ይምጡ፣ የልጅዎን ቤት ይዩ!» ብዬ ስልኩን ሰጠኋቸው። አልጋውን፣ ነጭ አንሶላውን፣ አበባውን አዩና ፈገግ አሉ። ቀጥሎ የመጣው ፎቶ ላይ ግን ጠይባ ሻሿን እንዳሰረች በሩ ላይ ቆማ፣ በግራና በቀኟ የዋና ልብስ ብቻ የለበሱ ፈረንጆች አቅፈዋት ይስቃሉ።

«ይኼ ምን ቤት ነው?» አሉኝ።

«ፔንሲዮን ነው፤ አልጋ ታከራያለች» አልኳቸው።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ነው የገባኝ። በእኛ ከተማ መናኸሪያ አካባቢ አልጋ የምታከራይ ሴት ሲባል ሰው ምን እንደሚያስብ የታወቀ ነው። ኦቦ ቱፋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጡ። ካርታቸውንም ኮፒውንም ሳይወስዱ ወጡ። በማግሥቱ ኢርሻድ መጥቶ ወሰደላቸው።

ከዚያ በኋላ የጠይባን ስልክ አላነሱም። በኢርሻድ ስልክ ስትደውል ተነስተው ወደ በረንዳ ይወጣሉ። «ምን በደልኳቸው?» ስትለው ኢርሻድ ስለ ፎቶው ነገራት። እኔ ብዙ ጊዜ ላስረዳቸው ሞከርኩ። «የተከበረ ሥራ ነው፣ ቱሪስት ነው የሚያድረው» እላቸዋለሁ። «ነህምያ፣ ስለ ሌላ ነገር እናውራ» ይሉኛል። ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ።

በአራተኛው ዓመት፣ መጋቢት ላይ፣ ኦቦ ቱፋ ዲክሲስ መሬታቸውን ሊያዩ ሄደው ከጋሪ ወደቁ። እግራቸው ከጉልበት በላይ ተሰበረ። አሰላ ሆስፒታል ጄሶ ተደርጎላቸው ቤት ገቡ። ኢርሻድ ለእህቱ ደወለላት።

ሚያዝያ ላይ ዛንዚባር ዝናቡ ስለሚከብድ እንግዳ የለም፤ ቤቱ ይዘጋል። ጠይባ ልሂድ አለች፤ ግን ፈራች። «ፊታቸውን ቢያዞሩብኝስ?» ብላ ለምዋናይሻ ነገረቻቸው። እሳቸውም ትንሽ አሰቡና «ብቻሽን አትገቢም። እኔ እቀድማለሁ። አባትሽ እንዳወራሽልኝ ዓይነት ሰው ከሆነ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ይዘሽ ስትገቢ አያስወጣሽም» አሏት። ምዋናይሻ ስልሳ ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ከደሴቷ ወጥተው አያውቁም።

ሁለቱ አሰላ ደርሰው ከመኪና ሲወርዱ ሻንጣ የተቀበልኳቸው እኔ ነበርኩ። ምዋናይሻ በአበባማ ስስ ልብሳቸው ላይ የጠይባን ጃኬት ደርበዋል፤ ካልሲ አድርገው ነጠላ ጫማ ተጫምተዋል። ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ጠይባ በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ምዋናይሻ አልፈዋት ገቡ።

«አሰላሙ አለይኩም!»

ኦቦ ቱፋ አልጋ ላይ በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ። «ወአለይኩም ሰላም።» ከሴትየዋ ኋላ ልጃቸውን አዩ። ፊታቸው ጠቆረ፤ ዓይናቸውን ግን እንግዳዋ ላይ መለሱ። «ኢርሻድ፣ ወንበር አምጣ። ብርድ ልብስም አምጣ፣ ሰው በብርድ እያለቀ ነው።»

ምዋናይሻ ተቀመጡ፤ ጄሶውን አይተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጫኑና «ፖሌ፣ ፖሌ» አሉ። «እግዜር ይማርህ» እንደማለት ነው።

«መንገድ እንዴት ነበር በላት» አሉ ኦቦ ቱፋ ለኢርሻድ።

«ቋንቋዋን አልችልም፣ አባ።»

በዐረብኛ ሞከሩ። ኦቦ ቱፋ የሚያውቁት ዐረብኛ የሶላት ነው፤ የምዋናይሻም እንዲሁ። አልሐምዱሊላህ ተባብለው አለቀባቸው። ኦቦ ቱፋ ለእንግዳ መንገዷን ሳይጠይቁ መቅረት አልሆነላቸውም። ጣሪያውን እያዩ «የሚችል ሰው ይጠይቃት» አሉ።

ጠይባ ጠየቀች። ምዋናይሻ መለሱ። ጠይባ ወደ ኦሮምኛ አዞረችው። ኦቦ ቱፋ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልጃቸውን ግን አላዩም።

ሁለት ቀን በዚህ አለፈ። «የሚችል ሰው ምን እንደምትበላ ይጠይቃት።» «የሚችል ሰው ሌላ ጋቢ ይጨመርልሽ ወይ ይበላት።» ጠይባ ታስተረጉማለች፣ የአባቷን አልጋ ታነጥፋለች፣ ምግብ ታቀርባለች። ከጄሶው ሥር ትራስ አስተካክላ ስታስገባ ጣሪያውን ያያሉ። እኔ በየቀኑ እሄዳለሁ። ከአጥር ወዲያ ሆኜ መስማቱ ስለከበደኝ ነው።

በመጀመሪያው ቀን፣ ሳይመሽ፣ ጠይባን ግቢ ውስጥ አግኝቻት ይቅርታ ጠየቅኋት። «ስልኩን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ ነህምያ። ኢርሻድ ነግሮኛል» አለችኝ። «ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለዓለም ሁሉ አሳይቼ ለአባቴ ሳልነግር ቀረሁ። አንተ ምን ታደርግ?»

አላቀለለልኝም፤ ግን ከልቧ እንደሆነ አውቄያለሁ።

በሦስተኛው ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ሁላችንም ቤት ውስጥ ነበርን። ዝናቡ ሳይጀምር በረዶው ቀደመ። የእኛ ቤቶች ጣሪያቸው ቆርቆሮ ነው፤ የአሰላ በረዶ ሲወርድበት አጠገብህ ያለውን ሰው አትሰማም። ምዋናይሻ ከወንበራቸው ዘለው ተነሱ። ጠይባን ይዘው ወደ ግድግዳው ጎተቷት፤ እየጮሁ ይናገራሉ፤ እየደጋገሙ ወደ እኔ ያመለክታሉ።

«ምን ትላለች?» አሉ ኦቦ ቱፋ።

ጠይባ ከሳቋ ጋር እየታገለች «ሰው ቤቱን በድንጋይ እየደበደበ ነው ትላለች። የዚህ ጎረቤት ቤተሰቦች ናቸው ወይ የሚወረውሩት እያለችኝ ነው» አለች።

ኦቦ ቱፋ አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። «ጠይባ!» ብለው ጮኹ። «በረዶ ነው በያት! ከሰማይ ነው በያት! የነህምያ ሰዎች ደህና ሰዎች ናቸው፣ አይወረውሩም በያት!»

ኢርሻድ በሩን ከፍቶ አንድ እፍኝ አምጥቶ ለምዋናይሻ ሰጣቸው። በመዳፋቸው ይዘው አዩት፤ አንዷን አፋቸው ውስጥ ከተቱ፤ ዓይናቸው ፈጠጠ፤ መልሰው ተፉት። ኦቦ ቱፋ ይሄኔ ሳቁ። እግራቸው እስኪያማቸው ድረስ፣ ጭናቸውን ይዘው ሳቁ። በስሟ እንደጠሯት ያስተዋሉት ሳቁ ካለፈ በኋላ ይመስለኛል። ጠይባ ግን ወዲያው ነው የሰማችው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አይቻታለሁ።

በረዶው ቆሞ ዝናቡ ሲቀጥል ኦቦ ቱፋ «ጠይቂያት» አሉ። «ይኼ የምትሠሩበት ቤት ምን ዓይነት ቤት ነው? ልጄ እዚያ ምን ዓይነት ሰው ናት? አንቺ አትጨምሪበት፣ አትቀንሺበት።»

ጠይባ ቀላች፤ ጠየቀች። ምዋናይሻ ረጅም ነገር ተናገሩ። እጃቸው ወደ በሩ ይሄዳል፣ ወደ መሬቱ ይሄዳል፣ ወደ ጠይባ ይመለሳል። ሲጨርሱ ጠይባ «ጥሩ ቤት ነው፣ ሥራውም ደህና ነው ትላለች» አለች።

«ይህን ሁሉ ተናግራ ይኼ ብቻ?» አሉ ኦቦ ቱፋ። «አትቀንሺ ብያለሁ።»

ጠይባ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እየቆራረጠች የተረጎመችው ይህን ነበር።

ምዋናይሻ ያሉት፣ ልጅህ ንጹሕ ናት፣ ሠራተኛ ናት፣ ቤቷም የተከበረ ነው። አምስት ጊዜ የምሰግደው እዚያው ቤት ነው፤ እሷም እንደዚሁ። ግን አንድ ነገር አድርጋለች። ዛሬ ሦስት ዓመት፣ አንተ ስልኳን ማንሳት የተውክ ሰሞን፣ አንድ ወጣት እንግዳ ከሰዓት በኋላ እየተንገዳገደ መጣ። ምላሱ ተሳስሯል። ልጅህ ሰክሯል አለችና በሩን ዘጋችበት። «ሰካራም ቤቴ ገባ ተብሎ አባቴ ጆሮ ቢደርስ ምን እላለሁ?» ነው ያለችኝ። ልጁ አጥሩ ሥር ወደቀ። እኔ ወጥቼ አየሁት፤ ላብ አጥምቆታል። ኪሱ ውስጥ የስኳር በሽታ መድኃኒት አገኘሁ። የኔ አባት በእሱ ነው የሞተው፣ ስለዚህ አውቀዋለሁ። ስኳር በውሃ በጥብጬ አጠጣሁት፤ ሐኪም ቤት አደረስነው። ተረፈ። ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ ግን በሯ ላይ ይሞት ነበር።

ጠይባ «ይኼ ነው ያለችው» አለች። «እውነት ነው።»

ምዋናይሻ ደንግጠው አንዴ አባትየውን አንዴ ልጅቷን ያያሉ፤ ያበላሹ መስሏቸዋል። ኦቦ ቱፋ ጢማቸውን ያዙ። «እኔን ፈርተሽ ነው?» አሉ።

«አዎ፣ አባ።»

ከሰዓት በኋላ የሚሰገደው የአስር ሶላት ደርሶ ነበርና ኦቦ ቱፋ በተቀመጡበት ሰገዱ። ምዋናይሻና ጠይባ ከኋላ ቆመው ተከተሏቸው። እኔ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ስመጣ አባትና ልጅ ብቻቸውን ነበሩ። ልወጣ ስል ኦቦ ቱፋ «ተቀመጥ፣ ነገሩ አንተንም ይመለከታል» አሉኝ። ከዚያ ወደ ጠይባ ዞሩ።

«ሰው እኔ ስለ ነውር የተቆጣሁ ይመስለዋል። ፎቶውን ሳይ እሱም አስደንግጦኛል፤ አልዋሽም። የከበደኝ ግን ሌላ ነው። እዚህ ቤት ስንት ሰው አድሯል? ከአንዱ ተቀብለን እናውቃለን? እናትሽ ታማ እንኳ እንግዳ መልሰን አናውቅም። ልጄ እንግዳን ታስከፍላለች ስባል ያስተማርኳት ሁሉ ከንቱ የሆነ መሰለኝ።»

ጠይባ ወደ አልጋው ጠጋ አለች። «አባ፣ እርስዎ ጋ የሚመጣው የዲክሲስ ሰው ነው። ነገ እርስዎ እሱ ጋ ይሄዳሉ። እኔ ጋ የሚመጣው ሰው ተመልሶ አላየውም፤ አገሩም አልሄድም። ካላስከፈልኩት ቤቱ በሁለት ወር ይዘጋል፤ ምዋናይሻም ሥራ ታጣለች። ሰው ሲመጣብኝ የማስተናግደው ግን እዚህ ቤት ባየሁት መንገድ ነው። ሌላ አላውቅም። በዚያ ልጅ ላይ ብቻ ነው የሳትኩት።»

«እሱን ልጅ ከዚያ ወዲህ አይተሽዋል?»

«ከሐኪም ቤት ሲወጣ እኔ ጋ አመጣሁት። አሥር ቀን ተኛ። አላስከፈልኩትም።»

ኦቦ ቱፋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ሰው ስለ እኔ ምን ይላል ብለሽ በር አትዝጊ» አሉ። «እኔ የምለው ካለ በስልክ እልሻለሁ።»

ይቅርታ አልጠየቋትም፤ እሷም አልጠበቀችም። ቀኑን ሙሉ ግን ጥያቄ አላቋረጡም። ጣሪያው በምን ተሠራ? ዓሣው በስንት ሰዓት ይመጣል? ባሕሩ የሚሸሸው ወዴት ነው? የመጨረሻውን ጠይባም ማስረዳት አልቻለችም።

እንግዶቹ ሦስት ሳምንት ቆዩ። ኦቦ ቱፋ ምዋናይሻን ከኢርሻድ ጋር በመኪና ወደ ዲክሲስ ላኳቸው፤ የገብሱን ማሳ ይዩልኝ ብለው። ሲመለሱ የሰፈሩ ሴቶች ወፍራም ሹራብ ገዝተው አለበሷቸው፤ እሳቸውም ዓሣ በሌለበት አገር ሩዝ በኮኮናት ሊሠሩላቸው ፈልገው ኮኮናት ጠፍቶ በላም ወተት ሠሩት። ደህና ነበር።

ጠይባ ልትመለስ አንድ ሳምንት ሲቀራት አንድ ቀን አብረን ወጣን። ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው መንገድ የሚከራይ ቤት ነበር፤ አራት ክፍል፣ ግቢ ያለው። ከወረዳ ታማሚ ይዞ የሚመጣ ሰው የሚያድርበት እንደሚቸግረው አውቃለሁና እኔ ነኝ ያሳየኋት። ክፍሎቹን በእርምጃ ለካች፣ ቧንቧውን ከፈተች፣ መስኮቱን አየች። ግማሽ ቀን አሰበችበት።

ማታ ለአባቷ ነገረቻቸው። «እዚህ ብከፍት የኦቦ ቱፋ ልጅ ነኝ፤ የዲክሲስ ሰው እኔ ጋ ገንዘብ ከፍሎ ሊያድር አይችልም፣ እኔም ገንዘቡን ልቀበል አልችልም። እዚያ ሥራዬን አውቀዋለሁ። እመለሳለሁ፣ አባ።»

«ሥራሽ ነው» አሏት። «ዝናቡ ሲመጣና ቤቱ ሲዘጋ ግን ትመጫለሽ።»

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ መጥታለች። ባለፈው ዓመት የሰልማ ልጆች የጃምቢያኒውን ቤት ለትልቅ ሆቴል ሸጡት። ጠይባና ምዋናይሻ ከባሕሩ ራቅ ያለ፣ ሦስት ክፍል ያለው ቤት ተከራይተው እንደገና ጀመሩ። እንግዳው ቀንሷል፤ ባሕሩን ለማየት አሁን በእግር ይሄዳል። የሚመጡት ግን ከበፊቱ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ ትላለች። ኦቦ ቱፋ በከዘራ ይሄዳሉ፤ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ሱቄ ገብተው ወንበር ይስባሉ፤ እኔ ለጠይባ እደውልላቸዋለሁ። መጀመሪያ የሚጠይቁት ዛሬ ስንት ሰው አድሯል የሚለውን ነው።